የታለፈ ተራ

ወዳጆቼ፣ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ በምመራው የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ውስጥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት አንድ ወንድም ነበር። በዕድሜ እኩያችን ነው፤ ንባቡ ግን ገና ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ነበር። እናንተም ዘንድ እንደሚደረገው፣ በጥናታችን እያንዳንዱ ሰው በተራው አንድ ቁጥር ያነብና የገባውን ያካፍላል። ተራው እርሱ ጋ ሲደርስ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ፣ ‹‹አንተ አትጨነቅ›› እለውና ቀጥሎ ወዳለው ሰው አልፍ ነበር። ደግ ነገር ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር። ጥናቱ ሲያልቅ ወንበር የሚሰበስበው እርሱ ነው፤ በዚህ በዚህስ ተራው ታልፎ አያውቅም።

ከጊዜ በኋላ መምጣት አቆመ። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እናቱን አገኘኋቸውና ‹‹ምነው ጠፋ?›› ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹‹ልጄ፣ እርሱ እኮ የጥናቱ ቀን ሲደርስ ከማለዳ ጀምሮ አንዷን ቁጥር ሲለማመድ ነበር የሚውለው›› አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም፤ ሰላም ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሰውን ‹‹አንተ አይጠበቅብህም›› ማለት መቼ ነው ምሕረት የሚሆነው? መቼስ ነው በትሕትና ከቤት ማስወጣት የሚሆነው? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሲያመላልሱት የኖሩ ሕዝብ አሉ፤ አይሁድ። ጌታችን ያደገው በምኵራባቸው ነው፤ ጳውሎስም በገማልያል እግር ሥር ተምሯል (ሐዋ. 22፥3)። ዛሬ ወደ ጥናት ቤታቸው ደጃፍ አብረን እንሂድ።

አይሁድ ወጣት ወንዶች ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚማሩበትን ቤት ‹‹የሺቫ›› ይሉታል። ቃሉ ‹‹መቀመጥ›› ማለት ነው። ተማሪው በመምህሩ ፊት፣ በመጽሐፉ ፊት ይቀመጣል። ነገር ግን ጸጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት እንዳይመስላችሁ። ሰፊ አዳራሽ፣ በመጻሕፍት የተሞሉ ጠረጴዛዎች፣ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የተቀመጡ ወጣቶች፣ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ መጠየቅ፣ መከራከር ነው። አንዱ ያነባል፤ ሌላው ‹‹ለምን?›› ይላል። ይህ የጥንድ ጥናት ‹‹ኸቭሩታ›› ይባላል። ቃሉ እኛ ‹‹ኅብረት›› ከምንለው ቃል ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው። በእነርሱ ዘንድ ቃሉን ማጥናት ያለ ጓደኛ አይታሰብም።

በዚህ ቤት ትልቁ ክብር ለስል አእምሮ ነው። ገጹን በቃሉ የሚያውቅ፣ በአንድ ጥያቄ መምህሩን ዝም የሚያሰኝ ልጅ ስሙ ከከተማ ከተማ ይነሣል። እንግዲህ አስቡት፤ ጥናት ከአምልኮ ሁሉ የላቀ ተደርጎ በሚታይበት ማኅበረሰብ ውስጥ መማር የሚከብደው ልጅ ቢወለድ ቦታው የት ነው? ለብዙ ዘመን መልሱ ቀላል ነበር፦ ‹‹እርሱ ነጻ ነው።›› የጥንቱ ሕጋቸው ሚሽና መስማትና መናገር የማይችለውን፣ አእምሮው ያልተስተካከለውንና ሕፃኑን በአንድ ረድፍ አስቀምጦ ከትእዛዛት ግዴታ ነጻ ያደርጋቸዋል። ሐሳቡ ምሕረት ነበር፤ ያልገባውን ሰው ስላልፈጸመው ነገር ማን ይወቅሰዋል? ነገር ግን አንድ ልጅ በ13 ዓመቱ ‹‹ባር ሚጽቫ›› ማለትም የትእዛዝ ልጅ በሚባልበት፣ ቶራውን ለማንበብ በጉባኤ ፊት በሚጠራበት ሕዝብ መካከል ‹‹ነጻ›› መባል ምን ማለት እንደሆነ አስተውሉ። እኩዮቹ አንድ በአንድ ይጠራሉ። እርሱ ግን ነጻ ነው።

የአይሁድ ሊቃውንት ክርክር በተሰበሰበበት ታልሙድ ውስጥ ራቭ ዮሴፍ የሚባል ዓይነ ስውር መምህር ይገኛል። በባቢሎን የኖረ ታላቅ ሊቅ ነው። በዘመኑ ‹‹ዓይነ ስውር ከትእዛዛት ነጻ ነው›› የሚል የአንድ ረቢ አስተያየት ነበር። ራቭ ዮሴፍ በመጀመሪያ ይህ ደስ አሰኝቶት ነበር። ‹‹ሳልታዘዝ በፈቃዴ የማደርግ ከሆነ ዋጋዬ ይበልጣል›› ብሎ አስቦ፣ ሕጉ እንዲህ መሆኑን ለሚያረጋግጥልኝ ለሊቃውንቱ ግብዣ አደርጋለሁ አለ። በኋላ ግን የሌላ መምህር ትምህርት ደረሰው፤ ታዝዞ የሚያደርግ ሰው ሳይታዘዝ ከሚያደርገው ይበልጣል የሚል። ያን ጊዜ ሐሳቡን ገለበጠ። አሁንስ ‹‹ዓይነ ስውርም ታዟል›› የሚለኝ ሰው ካለ ግብዣውን የማደርገው ለዚህ ነው አለ።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ የዚያ ወንድሜ ትከሻ ትዝ አለኝ። ራቭ ዮሴፍ የፈለገው ሸክም እንዲቀልለት አልነበረም። ከሚጠሩት ጋር መጠራት ነበር የፈለገው። ጌታ ከእኔም የሚጠብቀው ነገር አለ ማለት መቻል ክብር ነው። ከአንድ ሰው ምንም አለመጠበቅ ግን፣ በፈገግታ ቢሸፈንም፣ ‹‹አንተ ኖርህም አልኖርህም ለውጥ የለውም›› ማለት ነው።

አሁን አንድ ሌላ ነገር ላሳያችሁ። መስማት የተሳነው ሰው አያስተውልም የሚለው ፍርድ ከየት መጣ? ያስተማረው ስላልነበረ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቪየና ከተማ መስማት ለተሳናቸው የአይሁድ ልጆች ትምህርት ቤት ነበር። ሕጻናቱ ሲያነቡ፣ ሲጽፉ፣ ሲያሰሉ፣ ሲጸልዩ ሊቃውንቱ አዩ። ወዲያውም አሮጌው ጥያቄ እንደ አዲስ ተነሣ፦ ሕጉ የሚናገረው በእውነት ስለዚህ ልጅ ነው? አንዳንዶቹ ሕጉ ይህን የተማረ ልጅ አይመለከትም አሉ፤ ሌሎቹ ለመወሰን አመነቱ፤ ክርክሩም ቀጠለ። እኛ ግን ከዚህ የምንይዘው አንድ ነገር አለ። ‹‹አይችልም›› የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ መምህሩ የሚናገር ቃል ነው። ሳናስተምረው አይማርም ማለት ሳንዘራ መሬቱ አያበቅልም እንደ ማለት ነው።

በታልሙድ ውስጥ ይህን የሚመስል ታሪክ አለ። ሁለት መናገር የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። አንድ ታላቅ ረቢ ወደ ጥናት ቤት በገባ ቁጥር እነርሱም ገብተው ይቀመጣሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ረቢው ጸለየላቸውና ዳኑ። በዚያን ጊዜ ሕጉንም ትርጓሜውንም ጠንቅቀው ሲያውቁ ተገኙ። እኛ የወንጌል አማኞች ይህን ስንሰማ ፈጥነን የምንይዘው ፈውሱን ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ። ነገር ግን ታሪኩን እንደገና አስተውሉት። ፈውሱ እውቀት አልሰጣቸውም፤ የነበራቸውን ገለጠ እንጂ። ከመዳናቸው በፊትም ተማሪዎች ነበሩ። ደግሞም ከመዳናቸው በፊት ከበሩ የመለሳቸው ሰው አልነበረም። ቢመልሳቸው ኖሮ የሚገለጥ ነገር ባልኖረ።

እኛስ? አንድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለበት ሰው ወደ ጉባኤያችን ሲመጣ ለጸሎት ወደ ፊት እንጠራዋለን። ጸልየን ሳይለወጥ ሲቀርስ በሚቀጥለው ሳምንት የት ነው የሚቀመጠው? ለፈውስ ጸሎት ቦታ ኖሮን ለጥናት ወንበር ከሌለን፣ ሰውየውን የምንፈልገው ሌላ ሰው እንዲሆን ብቻ ነው ማለት ነው።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጉዳት ያለባቸውን ልጆች በነጻ እንዲያስተምሩ አስገደደ። ይህ ለብዙዎች ትልቅ በረከት ሆነ፤ ሃይማኖታቸውን ለሚጠብቁ አይሁድ ወላጆች ግን አስጨናቂ ምርጫም ይዞ መጣ። የሠለጠነ መምህር ያለው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ቶራና ጸሎት ያለው ደግሞ በሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያ ግን ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ለማስተማር የተዘጋጀ ሰው እምብዛም አልነበረም። አንዱን ልጅ ወደ የሺቫ፣ ወንድሙን ወደ ሌላ ቦታ መላክ ማለት ነበር። ይህም ብቻ አይደለም፤ በአንዳንድ ቤተሰብ ‹‹የእኅትና የወንድሙን ጋብቻ ያበላሻል›› በሚል ፍርሃት ልጁ ከሰው ዓይን ይሸሸግ ነበር። ይህ ነገር በእኛም ሰፈር እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ ያለበትን ቤት የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። ወላጆች ጮኹ፤ መምህራን ሞከሩ፤ ትንሽ በትንሽ በር ተከፈተ። ከእነዚህ በሮች አንዱን ልንገራችሁ። ብዙ የአሜሪካ አይሁድ ወጣቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ለአንድ ዓመት ወደ እስራኤል ሄደው በየሺቫ ያጠናሉ። ይህ ዓመት የልጅነት መጨረሻና የራስ እምነት መጀመሪያ ሆኖ ይታያል። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ወይም በሌላ ምክንያት መማር የሚከብደው ወንድም ግን ታላላቆቹንና ታናናሾቹን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ እየሸኘ ይመለስ ነበር። ‹‹ዳርኬይኑ›› የተባለው ፕሮግራም የተጀመረው ለእነዚህ ወጣቶች ነው። ትርጉሙ ‹‹መንገዶቻችን›› ማለት ነው። ወንዶቹ የተቀበላቸው ሃር ኤጽዮን የተባለው እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተ ስመ ጥር የሺቫ ነው። በኒው ዮርክም በየሺቫ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ወጣት ወንዶች ‹‹ማኮር››፣ ማለትም ‹‹ምንጭ››፣ የተባለ ፕሮግራም ተከፍቷል።

የአሠራሩን ብልሃት ልብ በሉ። እነዚህ ወጣቶች የታልሙዱን ከባድ ገጽ ከሊቃውንቱ ጋር እኩል እንዲከታተሉ አይጠየቁም፤ ያ ማስመሰል በሆነ ነበር። እንደ አቅማቸው የተዘጋጀ ክፍልና ለዚህ የሠለጠነ መምህር አላቸው። ምግብ ማብሰልን፣ ገንዘብ መያዝን፣ ሥራ መሥራትን ጭምር ይማራሉ። ነገር ግን ጥናታቸው የሚካሄደው በዚያው ግቢ ነው፤ ጸሎቱም፣ ማዕዱም፣ የበዓሉ ጭፈራም ከሌሎቹ ጋር ነው። የየሺቫው ተማሪዎችም ጥንድ ሆነው አብረዋቸው ያጠናሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አያደርጉም፤ ተራ የሌለው ሰው ግን የለም።

ምሳሌ 22፥6ን በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስናነበው ልጁ ሊሄድበት ስለሚገባው መንገድ የሚናገር ይመስለናል። የአይሁድ መምህራን ግን ዕብራይስጡን ‹‹በልጁ በራሱ መንገድ›› ብለው ያነቡታል፤ እንደ ተፈጥሮውና እንደ አቅሙ አስተምረው ማለት ነው። መንገዱን ሁሉም በአንድ እርምጃ አይሄደውም።

‹‹ካልገባውስ ምን ይጠቅመዋል?›› የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እኔም ራሴን የጠየቅሁት ነው። መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ አንተስ ስንቱ ገብቶህ ነው? ምሥጢረ ሥላሴ ተብራርቶልህ ነው አሜን ያልኸው? ለእኛ ለወንጌል አማኞች ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል። ደኅንነት በጸጋ ነው፤ ማንም በአእምሮው ስለት አልዳነም ብለን እንሰብካለን። ታዲያ ወደ መንግሥቱ ለመግባት የማይጠየቀውን ፈተና እኛ ወደ ጥናት ቡድናችን ለመግባት እንዴት እንጠይቃለን? ጥናትን ከሁሉ አስበልጠው የሚያዩት ለሚከብደው ወንድም በር ሲከፍቱ፣ ጸጋን የምንሰብከው ብንዘጋ ምን እንላለን?

‹‹የሌላው ጥናት ይጓተታል›› ለሚለውም መልስ እሰጣለሁ፤ አዎን፣ ይጓተታል። ይህን መሸፈን አይገባም። ዋጋ አለው፤ አንድ ሰው ደግሞ ይከፍለዋል። ታልሙድ ስለ ረቢ ፕሬዳ የሚናገረው ታሪክ ይህን ዋጋ ቆጥሮ ያሳየናል። ረቢ ፕሬዳ አንድ ተማሪ ነበረው። ትምህርቱ እስኪገባው ድረስ እያንዳንዱን ክፍል 400 ጊዜ ይደግምለት ነበር። አንድ ቀን ረቢው ለአንድ በጎ ሥራ ተፈለገ። እንደ ወትሮው 400 ጊዜ አስተማረው፤ ተማሪው ግን አልያዘውም። ‹‹ዛሬ ምን ሆንህ?›› አለው። ተማሪውም፣ ሰዎቹ እንደሚፈልጉህ ከነገሩህ ጊዜ ጀምሮ፣ መምህሬ አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል እያልሁ ልቤ ተበተነ አለው። ረቢው ‹‹ልብህን ስጠኝ›› ብሎ ሌላ 400 ጊዜ አስተማረው።

ስለ ትዕግሥቱ ሁላችንም እንደነቃለን። እኔን ግን የያዘኝ የተማሪው መልስ ነው። ያቃተው ትምህርቱ አልነበረም፤ ትቶኝ ይሄዳል የሚለው ፍርሃት ነበር።

ወደዚያ ወንድሜ ቤት የሄድሁት ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ይቅርታው ይግባው አይግባው አላውቅም፤ ብቻ ሣቀ። መዝሙር 23ን ከመጀመሪያው ቁጥር ጀመርን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስልኬ በጮኸ ቁጥር መጽሐፉን ይዘጋው ነበር። ለምን እንደሆነ ስገነዘብ ስልኬን እያጠፋሁ መቀመጥ ጀመርሁ። ያቺን አንዲት ቁጥር ሳይደናቀፍ ለማንበብ ሦስት ሳምንት ወሰደበት። ከዚያም እኔ ያላሰብሁትን ጠየቀኝ። ‹‹እረኛው ሌሊት ይተኛል?›› አለኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስመራ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ‹‹እንዲህ ያለ ወንድም በመካከላችን ቢኖር ለእኛ ትምህርት ነው›› ማለት ይቀናናል። እውነት አለው፤ ግን አደገኛ ነው። እርሱ ወደ ጥናት የሚመጣው የእኛ ስብከት ምሳሌ ለመሆን አይደለም። እንደ እናንተው ጌታን ሊሰማ ነው የሚመጣው። ጥያቄው ግሩም ባይሆን እንኳ፣ ዓመት ሙሉ አንዲት ቁጥር ብቻ ቢደግም እንኳ ተራው ተራው ነው። ጳውሎስ ደካማ የሚመስሉት ብልቶች አስፈላጊ ናቸው ሲል (1ቆሮ. 12፥22) ለጌጥ ያስፈልጋሉ አላለም። ጌታም ግብዣ ስታደርጉ ጥሩአቸው ያላቸውን ሰዎች (ሉቃ. 14፥13) ወንበር እንዲሰበስቡ አልጠራቸውም፤ በማዕዱ እንዲቀመጡ ነው እንጂ።

ሙሴን አስታውሱ። አፌ ይከብዳል፣ ሌላ ሰው ላክ ብሎ ነበር (ዘጸ. 4፥10–16)። እግዚአብሔር ‹‹እንግዲያው አትጨነቅ›› ብሎ አላለፈውም። ጥሪውን ሳያነሣበት አሮንን አጠገቡ አቆመለት። ይቅርብኝ ላለ ሰው የአምላክ መልስ ማሰናበት ሳይሆን ጓደኛ መስጠት ሆነ። የሺቫዎቹ ኸቭሩታ ያሉት፣ እኛም ኅብረት የምንለው ይህን ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጥናታችሁ ላይ ዙሪያውን ተመልከቱ። ማን ነው ተራው የሚታለፈው? ማን ነው ከነጭራሹ ያልተጠራው? በየትኛው ቤት፣ በየትኛው ጓዳ አንዲት ቁጥር የሚለማመድ ሰው አለ? ሄዳችሁ ጥሩት። አንዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ስልካችሁንም አጥፉ። የሚያነበው አንድ ቃል ብቻ ቢሆን አንዱን ቃል ስጡት፤ ንባብ ካልቻለ አብሯችሁ ይድገም፤ መናገር ካልቻለ ‹‹አሜን›› የሚልበትን ምልክት አብራችሁ ፈልጉ።

የእኛ ወንድም ተመልሶ መጥቷል። ተራው ሲደርስ ጥናቱ ይዘገያል፤ አንዳንዱ ሰዓቱን ያያል፤ እኔም አንዳንድ ቀን አያለሁ። እርሱ ግን ጣቱን በፊደሉ ላይ እያስኬደ ያነባል። ጨርሶ ቀና እስኪል እንጠብቃለን።